ሰም የለበሰው ነቀርሳ

ስሜ ማሬ ነው፤ እንጀራዬ ግን ከማሩ ሳይሆን ከሰሙ ነው። ቡሬ ገበያ ዳር ጧፍ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ጠጅ ጣዮቹ ማሩን በጥብጠው ሲያበቁ የሚተርፋቸውን ሰፈፍ እገዛቸዋለሁ፤ በፈላ ውሃ አቅልጬ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ የጥጥ ፈትል እነክርበታለሁ። ቤቴን ዓመት ከዓመት የሰም ሽታ አይለየውም። የሰምን ጠባይ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር፤ አንገቴ ላይ ሰም ለብሶ የተቀመጠውን ግን ብዙ ወራት አላወቅሁትም።

ይህን የምጽፈው አንገቱ ወይም ብብቱ አብጦበት በነጠላ እየሸፈነ የሚውል ሰው ካለ፣ ነጠላውን ገልጦ ለሐኪም እንዲያሳይ ብዬ ነው። ማስፈራራት አልፈልግም። እኔ የፈራሁት ለሁላችንም ይበቃል።

ጊዜው ሞባይል ስልክ ቡሬ ከመድረሱ በፊት ነው። ቀበሌው በየስብሰባው «አዮዲን ያለው ጨው ብሉ» እያለ ያስተምር ነበር፤ በእኛ አገር እንቅርት ያልገባበት ቤት የለምና። እናቴ ነበረባት፤ አክስቶቼም ነበረባቸው። ስለዚህ ከግራ መንጋጋዬ በታች የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ሳገኝ አልደነገጥሁም። ወረፋዬ ደረሰ አልሁ።

እብጠቷ አታምም፤ በጣቴ ስነካት ትንሸራተታለች። ለጎረቤቶቼ ባሳያቸው ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ፤ እንቅርት። ባሌ አየነው እህል ነጋዴ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ሲመለስ አዮዲን ያለውን ጨው ተሸክሞ መጣ። እኔም ቶሎ ያድነኝ ብዬ ወጡን ጨው በጨው አደረግሁት። አየነው ሁለት ጊዜ ጎርሶ፣ ውሃውን ጨልጦ፣ «ማሬ፣ እንቅርቱ ያንቺ ነው፤ እኔን ለምን ታክሚኛለሽ?» አለኝ።

ማንም ያላስተዋለው አንድ ነገር ነበር። እንቅርት የሚወጣው ጉሮሮ ላይ፣ ከፊት ነው። የእኔ በጎን ነበር። እንቅርት የለመደ ዓይን ግን አንገት ላይ ሌላ ነገር ይወጣል ብሎ አያስብም፤ የእኔም ዓይን እንደዚያው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አንዷ ፍሬ ሌሎችን ወለደች፤ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ወደ ትከሻዬ ወረዱ። ምግብ አስጠላኝ፤ ቀሚሴ ሰፋኝ። ሌሊት በላብ ተነክሬ ስነቃ ከጎኔ የምትተኛው ትንሿ ልጄ ፍቅርተ «እማ፣ ዘነበብሽ?» ትለኛለች። ገበያ ላይ ደግሞ ሹክሹክታ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ሰው ሲከሳ ሁሉም የሚያስበው አንድ በሽታ ነበር፤ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራው ግን አልነበረም። ጧፍ ሊገዙኝ የሚመጡት ሴቶች ዓይናቸው ከእጄ ይልቅ አንገቴ ላይ ሆነ።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። «ቶንሲል ነው» ብለው እንክብል ሰጡኝ። ጨረስሁት፤ እብጠቱ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ክሊኒክ ሄድሁ። «ጆሮ ደግፍ ነው፣ በራሱ ይጠፋል» አሉኝ። ደምበጫ ቅጠል የሚያውቁ ሰው አሉ ተባለና ወደዚያ ተወሰድሁ፤ የለጠፉብኝ ቅጠል ቆዳዬን አቃጠለው እንጂ ከሥሩ ያለውን አልነካውም። አየነው ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ አውጥቶ ሸጠ። አንድ ቀን ተናዶ «ለዘር ያልሁትን አንገትሽ በላው» አለኝ። ቆይቶ አፈረና ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ። እኔም ተቀይሜ ስለነበር ሳላመሰግነው ጠጣሁ።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድን። ካርድ አውጥተን አግዳሚው ላይ ስንጠብቅ፣ ከሊበን የመጡ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጠዋል። የራሳቸውን ሕመም አልነገሩኝም፤ ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ዳቦ ፈትተው ቆርሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ብይ ልጀ። መርፌ በባዶ ሆድ ይከብዳል» አሉኝ። ለስንት ጊዜ ምግብ ያስጠላኝ ሰው ያቺን ቁራሽ በላሁ። ከዚያ ወዲህ የሐኪም ወረፋ ስጠብቅ ሁልጊዜ ዳቦ እይዛለሁ፤ ለእኔ አይደለም።

ወጣቱ ዶክተር አንገቴን በሁለት እጁ ዳሰሰ። ከእብጠቱ በመርፌ መግል የመሰለ ነገር ቀዳ፤ ደምም ሰጠሁ፣ የደረት ራጅም ተነሣሁ። ከሰዓት በኋላ ውጤት ልንሰማ ገባን።

«ደምሽ ደህና ነው፤ ሰው የሚፈራው ነገር የለብሽም» አለ። አየነው ትንፋሹን ለቀቀ። «ያለብሽ የንፍፊት ነቀርሳ ነው።»

ንፍፊት ማለት አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ውስጥ ያለው ፍሬ ነው፤ ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል የሚያብጠው። ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እኔም አየነውም የሰማነው ግን ነቀርሳ የሚለውን ብቻ ነው። በእኛ ቤት ነቀርሳ ማለት የአክስቴን ጡት በልቶ የገደላት ነው፤ ሐኪሞች ካንሰር የሚሉት። «እሽ፣ እሽ» እያልን ወጣን። መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ሂዱ ተብለን ነበር፤ እኛ የሄድነው መናኸሪያ ነው። ጥፋቱ የጆሯችን ነበር።

ቤት እንደደረስን ፍቅርተን ወደ አየነው እህት ቤት ላክናት፤ ነቀርሳ ይጋባል ሲሉ ሰምተን ነበርና። ጩኸቷ ከደጅ እስከ መንገድ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አየነው የምጠጣበትን ጣሳ ከሌሎቹ ለይቶ ጉልቻው ጥግ አስቀመጠው። ከዚያ ያለኝን ሰፈፍ ሁሉ አውጥቼ አቀለጥሁና ጧፍ መሥራት ጀመርሁ። አየነው ከበሩ ላይ ቆሞ «የማን ትእዛዝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የእኔ። ለተዝካሬ ነው» አልሁት።

ሰው ለራሱ ተዝካር ጧፍ ሲሠራ ዋጋ ላይ አይከራከርም፤ ወፍራም ወፍራም አድርጌ ነከርኋቸው። አየነው ወጥቶ ሄደ። ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

አባቴ ከሽንዲ ወረድ ብሎ ባለች ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ያደግሁት በተማሪዎቻቸው መካከል ነው፤ እነሱ ቅኔ ሲቆጥሩ እኔ ዶሮ እጠብቅ ነበር። ልሰናበታቸው ሄድሁ። ጧፎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ቀኔ እስኪደርስ እርሳቸው ጋ ይቀመጡ ብዬ።

አባቴ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥሁ።

«ምነው ልጀ፣ እንዲህ ከሳሽ?»

«ነቀርሳ ነው አሉኝ፣ አባባ። ይባርኩኝ ብየ ነው የመጣሁ።»

ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ «የቱ ነቀርሳ?» አሉኝ።

«ነቀርሳ ነዋ። ስንት ነቀርሳ አለ?»

«እኔ የማውቀው ሁለት አለ። አንዱ አክስትሽን የወሰዳት ነው። አንዱ ደሞ ያ ባለ ሳሉ ነው፤ ኸዚህ ኸተማሪዎቸ አንዱን ይዞት መድኃኒት ውጦ ድኗል። ስሙ አንድ ነው፤ በሽታው ሁለት ነው። የትኛው ነው ብለሽ ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ደጅ አድገሽ ሰሙን ብቻ ይዘሽ መጣሽ? በይ ተነሽ። ሂጅና ወርቁን ጠይቀሽ ነይ።»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በደበሎአቸው ሸፈኑ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልሞት ነው ስላቸው እንደ ተማሪ ያርሙኛል። የሚያውቁት ቅኔ ብቻ ስለሆነ ሞትም ቅኔ ይመስላቸዋል እያልሁ በውስጤ አጉረመረምሁ። ያመጣሁትን ጥቅል እንኳ ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው እዚያው ጥዬው ሄድሁ። ንዴቱ ግን ጠቀመኝ፤ ከስንት ቀን በኋላ እግሬ ፈጠን ብሎ የተራመደው ያን ቀን ነው።

አባቴ ያሉኝን ለአየነው ነገርሁት፤ አብረን ፍኖተ ሰላም ተመልሰን ስንሄድ ያ ዶክተር አልነበረም። «ናሙናውን ያየው ላቦራቶሪ ነው፣ እዚያ ጠይቁ» አሉን። የላቦራቶሪው ባለሙያ ጌታነህ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አየነው በሩ ላይ እንደቆመ «የቱ ነቀርሳ ነው?» አለው፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

ጌታነህ ሳቀ። «ቲቢ ነው። የሚድነው» አለ።

አየነው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። እኔ አላመንሁም። ጌታነህ ይህን ከፊቴ አነበበ መሰለኝ፣ ወደ ማይክሮስኮፑ ጠራኝና «እይው እስኪ» አለኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ሰማያዊ መደብ ላይ ቀያይ፣ ቀጫጭን ጭረቶች እዚህም እዚያም ወድቀዋል።

«ቀዩን ቀለም ዝም ብለሽ ብታፈሽበት አይቀበልም» አለኝ። «በእሳት ስታሞቂው ነው የሚገባው። አንዴ ኸገባ ደሞ በአሲድ ብታጥቢው አይለቅም። የሌሎቹ ተሐዋስያን ቀለም ይለቃል፤ የዚህ አይለቅም።»

«ለምን?»

«ሰም ለብሷል።»

ዞር ብዬ አየነውን አየሁት። እሱም እኔን ያየኛል።

«እውነተኛ ሰም?» አልሁት።

«የንብ አይደለም። ግን የዚያው ዘመድ የሆነ ቅባት ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ በቀላሉ አይፈርስም።»

ሳቄ መጣ። የዕድሜዬን እኩሌታ ሰም ሳቀልጥ የኖርሁ ሴት በሰም ልሞት ነበር። ሥራዬን ስነግረው ጌታነህም ሳቀ፤ ወንበር ስቦም አስቀመጠኝ። ከዚያ በኋላ የነገረኝን እንደገባኝ እጽፈዋለሁ፤ ሐኪም የሆነ አንባቢ ካለ ይታገሠኝ።

ሰውነታችን ውስጥ ስንወለድ ጀምሮ የሚዞሩ ጠባቂዎች አሉ። እንግዳ ተሐዋስ ሲያገኙ ማንም ሳያስተምራቸው ይውጡታል፣ ይፈጩታል። ይህንንም ይውጡታል፤ ካባው ግን አይፈጭላቸውም። ደግሞም የላይኛው ሰም ጠላትነቱ የሚታወቅበትን ምልክት ይሸፍንባቸዋል። ስለዚህ ማንነቱን በቅጡ ሳይለዩ፣ በዋጠው ጠባቂ ሆድ ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል። አባቴ ትዝ አሉኝ። ጠባቂዎቼም እንደ እኔ ሰሙን ብቻ ይዘው ተመልሰዋል።

«ካባውን ማን ሰጠው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ራሱ ነው የሚሠራው። ኸዘሩ የወረሰው ትእዛዝ ውስጡ አለ፤ ጂን የሚሉት። ይኸን ሰም ሥራ፣ እንዲህ አድርገህ ደርድር ይለዋል። በትልልቅ ላቦራቶሪ ኸትእዛዙ አንዷን ሲያጠፉበት ካባው ይሳሳል፤ ያኔ ጠባቂዎቹ ይበረቱበታል።»

«ታዲያ የእሷን እንዴት ታጠፉታላችሁ?» አለ አየነው ከቁጢጡ ሳይነሣ።

«ትእዛዙን አናጠፋውም፤ ሥራውን እናስፈታዋለን። ኸምትውጣቸው ክኒኖች አንዱ ካባውን እንዳይሠራ ይከለክለዋል፤ ሌሎቹ እሱን ራሱን ይመታሉ። ግን ቶሎ እጁን አይሰጥም። ስምንት ወር ነው፤ ሳታቋርጥ። መድኃኒቱ በነፃ ነው። ኸመካከል ላይ ካቆመች ግን መድኃኒቱን ለምዶ ይመለስባታል፤ ያኔ እኔም አልስቅም።»

ስለ ልጄ ጠየቅሁት። በትንፋሽ የሚጋባው የሳንባው ነው፣ የንፍፊቱ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የደረት ራጅሽም ንጹሕ ነው አለኝ። ከአውቶቡስ ወርደን ቤት ሳንገባ ፍቅርተን ከአክስቷ ቤት ወሰድናት። አየነው እቤት ሲገባ ጉልቻው ጥግ ያለውን ጣሳዬን አነሣ፣ ውሃ ቀዳበት፣ ጠጣበት፣ ከሌሎቹ ጋር መልሶ ደረደረው። ያን ቀን ለጤፉ ይቅር አልሁት።

ከዚያ የቡሬ ጤና ጣቢያ ደንበኛ ሆንሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጠዋቱ እየሄድሁ ክኒኑን በነርሷ ፊት እውጣለሁ፤ ነርሷ ሲስተር ዘነበች አፌን ከፍታ ሁሉ ታያለች። መጀመሪያ ቀን ሽንቴ እንደ በርበሬ ውሃ ሲቀላ ጮኼ ነበር፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትፍሪ ተባልሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ለጀማሪ ቀድሞ የሚነግር ሰው ጽድቅ አለው። ሆዴ እየተረጋጋ፣ ምግብ እየጣመኝ መጣ። የሌሊቱ ላብ ቆመ። ፍቅርተም «ዛሬ አልዘነበብሽም» አለችኝ።

ልቤ ሲያርፍ ነው አንገቴ ያመፀው። ሦስተኛው ወር ላይ አሮጌው እብጠት ድንገት አደገ፤ ከጎኑ አዲስ ወጣ። ትልቁ ቀልቶ፣ ፈንድቶ መፍሰስ ጀመረ። የገበያ ሴቶች «መድኃኒቱ ነው ያባሰብሽ፤ ተይው» አሉኝ። አየነውም ዝም ሲል እንደ እነሱ እያሰበ መሆኑን አወቅሁ። ከነቀርሳዬ ጋር ተስማምቼ ብኖር ይሻለኝ ነበር አልሁ። ጠዋት ጤና ጣቢያ የሄድሁት ልውጥ አይደለም፤ በቃኝ ልል ነው።

ሲስተር ዘነበች ቁስሉን አይታ፣ ክብደቴን መዝና፣ አንዳንድ ነገር ጠይቃኝ ስታበቃ አልደነገጠችም።

«አንቺ ወፍረሻል፤ ላብሽ ቆሟል፤ አንገትሽ ግን አብጧል። ይኸ ባንዳንድ ሰው ላይ ይመጣል» አለችኝ። «ጠባቂዎችሽ እስኸዛሬ አያውቁትም ነበር። አሁን ካባው ሲፈርስ፣ ሬሳውም ሲበታተን አወቁት፤ ተሰብስበው ወረዱበት። ያበጠው የእነሱ ግርግር ነው። ሐኪሙም ያይሻል፤ ክኒኑን ግን እንዳትተይ።»

ተቀምጬ አሰብሁ። ሰፈፍ እሳት ላይ ስጥደው መጀመሪያ አያምርም። አረፋ ይደፍቃል፣ ይደፈርሳል፤ ሟች ንቡም፣ ገለባውም ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ያየው እንደሆነ ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል። እኔ ግን ያን ጊዜ እሳቱን አላጠፋም። ስንቴ ለጎረቤት ልጆች «ተዉት፣ እየጠራ ነው» ብያለሁ።

«ውሃውን አምጭ» አልኋት። ዋጥሁት።

ጌታነህ «የሚድነው» ያለው እውነት ሆነ። ቁስሉ ቀስ እያለ ደረቀ፤ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ሟሙ። ስምንተኛው ወር ሲያልቅ አንገቴ ላይ የቀረው ከጆሮዬ ሥር ያለች የተጨማደደች ጠባሳ ናት። ነጠላዬን አሁን ትከሻዬ ላይ ነው የምጥለው። አንድ ሰው ጠባሳዋን አይቶ ምንድር ነው ሲለኝ እነግረዋለሁ፤ ሲለየኝ ብዙ ጊዜ የገዛ አንገቱን እየዳበሰ ነው የሚሄደው። መልካም ነው፤ ይዳብስ።

መድኃኒቱን በጨረስሁ ሰሞን አየነውንና ፍቅርተን ይዤ አባቴ ዘንድ ወረድሁ። ማታ ላይ ነበር፤ ተማሪዎቹ ተሰብስበዋል። ጉልበታቸውን ስስም አባቴ አገጬን ይዘው አንገቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ጠባሳዬን በጣታቸው ነኩ።

«ወርቁን ጠየቅሽ?» አሉኝ።

«ጠየቅሁ፣ አባባ። እሱም ሰም ሆኖ ተገኘ» አልኋቸው፤ ጌታነህ የነገረኝንም ሁሉ አጫወትኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ በሚያወጡት ድምፅ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

ሰሙን እሳት ነካው፥ ቀልጦ ፈሰሰና፤
ማሬ ተረፈችኝ፥ እንደ ጥንቱ ደህና።

ተማሪዎቹ «ይበል» አሉ። ማሩም እኔም በአንድ ቃል ተርፈናል። አባቴ ግን ሁለተኛውን ስንኝ ሲጨርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ያን ቀን ዛፉ ሥር «የቱ ነቀርሳ» ሲሉኝ እንባቸውን የት እንዳስቀመጡት ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዕንባዬን እየጠረግሁ ቀና ስል ብርሃኑን አየሁት። ጎጆው ውስጥ፣ በየተማሪው እጅ፣ ወፍራም ወፍራም ጧፍ ይበራል። አየነው ቀድሞኝ አውቋቸው ኖሮ ክንዴን ያዘኝ።

«አባባ፣ እነዚህን ጧፎች ኸየት አመጧቸው?» አልሁ።

«አንቺ ጥለሽልኝ የሄድሽው ነዋ። ለተማሪዎቹ ያመጣሽው መስሎኝ ሲያነቡበት ኸረሙ፤ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ለሌላ ነበር እንዴ?»

«አይ፣ ለእነሱ ነው» አልኋቸው።

ፍቅርተ ጭኔ ላይ እንቅልፍ እስኪጥላት ድረስ ተቀምጬ ተዝካሬ ሲነድ አየሁ። ሥራዬን አውቃለሁና አንዱም አልጨሰም።